የወንፊት መኪና

ባለቤቴን ሰው ሁሉ «ወንፊት» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የጋራዥ ጓደኞቹ ናቸው፤ እኔ ባወጣሁት ደስ ባለኝ ነበር።

ሲጀምር የሰው መኪና ጠጋኝ ነበር። ከዚያ ተማረና መሐንዲስ ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ፣ አያድርስ ነው፣ የእሽቅድምድም ቡድን ባለቤት ሆነ። ቡድን ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቤታችን ጀርባ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን፣ አንዲት መኪና፣ እሱ፣ መኪናዋን የሚነዳለት ታናሽ ወንድሜ፤ በቃ።

ጥበቡ አንዲት ናት፤ መኪና የሚፈጥነው ሲቀል ነው። ስለዚህ ትራፓኖውን ይዞ ያገኘውን ብረት ሁሉ ይበሳል፣ የወጣውን ብናኝ በኩሽና ሚዛኔ ይመዝናል፣ ፊቱ ይበራል። የበሩን እጀታ በሳ፣ የወንበሩን እግር በሳ። አንድ ቀን ጭልፋዬን ባነሳ መያዣው ተበስቷል። «ለሙከራ ነው» አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከመሳቅ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

የፍሬኑን ፔዳል ፈቶ ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው ግን ሳቄ ጠፋ።

«እሱን እንዳትነካው» አልኩት። «የወንድሜ ነፍስ ያለችው እዚያ ላይ ነው።»

«እሺ፣ አልነካውም» አለ። እኔም ሞኟ አመንኩት።

በውድድሩ ቀን መኪናዋ በረረች። ምን ይዋሻል፣ ተነስቼ አጨበጨብኩ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሌሎቹ ፍሬን ሲይዙ የኛዋ ቀጥ ብላ ሄዳ የጎማ ክምር ውስጥ ተቀረቀረች። ፔዳሉ ከወንድሜ ጫማ ስር ለሁለት ተሰብሯል።

ሐኪም ቤት ወንድሜ ሁለት እግሩ በጄሶ ታሽጎ ተኝቷል። ባሌ ስባሪውን ይዞ ገባ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብዬ ወንበሬን ለቀቅሁለት። ተቀመጠ፣ ብረቱን አገላበጠና «አንድ ቀዳዳ አበዛሁ» አለ። ከዚያ ዓይኑ ጄሶው ላይ አረፈ።

«ይሄ ነገር ግን ስንት ይመዝናል?»

«ጋሼ፣ ትራፓኖውን ይዘህ መጣህ እንዴ?» አለ ወንድሜ፣ ሳቀም። ባሌም ሳቀ። ሊቀበር ትንሽ የቀረው ልጅና ሊቀብረው የነበረው ሰውዬ አብረው ይስቃሉ።

ትቻቸው ቤት ሄድኩ። ክብደት ሲቀነስ ደስ ይለው የለ፣ እኔም ልቀነስለት ብዬ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ብድግ ሳደርገው እጀታው ቀንጠስ ብሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ዳር እስከ ዳር ተበስቷል።

ሻንጣውን አቅፌ ወጣሁ።