ሰጋቱራና የእትዬ ዘሀራ ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት መሳለሚያ ካለ አንድ እንጨት ቤት ሁለት ማዳበሪያ ሰጋቱራ ልወስድ ሄጄ፣ እንደ ልማዴ እጄን እስከ ክርኔ ማዳበሪያው ውስጥ ሰድጄ ከታችኛው አንድ እፍኝ አወጣሁና ጨብጬ ለቀቅኩት፣ ከዚያም ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ጽድ ነበር፤ ደረቅ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ ትንሽ የሚቆነጥጥ። መጋዙ ላይ የቆመው ልጅ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ሰጋቱራ እኮ ነው ወንድሜ፣ ወርቅ አስመሰልከው» አለኝ፤ ጓደኞቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ላስረዳው አቅም አልነበረኝም። ሰሞኑን ተኝቼ ስነሳም አብሮኝ የሚነሳ ድካም ይዞኛል፤ ማዳበሪያዎቹን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ መስኮቱን ተደግፌ ስሄድ ግን የእጄ ሽታ አለቀቀኝም፣ ወደ ድሮው ቤታችን ይዞኝ ሄደ።

ያደግኩት መርካቶ፣ ከሰባተኛ ወደ ውስጥ በሚያስገባ አንድ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረች፤ ሁለት ክፍል የምላት ለክብሯ ብዬ ነው እንጂ፣ የኋለኛዋ ክፍል አንድ አልጋ ብታስገባባት በሩ የማይዘጋ ጓዳ ነበረች። እዚያች ጓዳ ውስጥ እናቴ አሥራ ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ታረባ ነበር፤ እንቁላሉን በየማለዳው ቁርስ ቤቶች ይወስዱታል፣ እኛም በሱ እንኖራለን። ግቢ የለንም፤ በሩን ስትከፍት ሸክም የያዘ ሰው «ዞር በል» ብሎህ ያልፋል። ስለዚህ ዶሮዎቹ አፈር ሳያውቁ ኖሩ። እነሱ የሚያውቁት መሬት እኛ የምናነጥፍላቸው ጉዝጓዝ ብቻ ነበር።

እማዬ በጉዝጓዝ ላይ ጨክና ነበር የምትመርጠው። የጤፍ ጭድ አትወድም፤ እህል በረንዳ በር ላይ እንደ ልብ የሚገኝ ቢሆንም፣ ሲረግጡት እንደ ሰሌን ይነጠፍና ላዩ ደረቅ መስሎ ሥሩ ይበሰብሳል። ትኩስ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ደግሞ ውኃውን ይዞ ስለሚመጣ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። የምትወደው ወፈር ያለ የመላጊያ ፍቅፋቂ ከሥር፣ ደረቅ የጽድ ሰጋቱራ ከላይ ነበር። ጠዋትና ማታ በብረት መቆስቆሻ ይገላበጣል፤ ውኃ መጠጫው ሥር የረጠበው ለብቻው ይወጣል። እኔም ዕድሜዬ አሥራ ሁለት ሳይሞላ ጨብጦ መለየት ተማርኩ፤ ስትለቀው እንደ ጭብጦ ተድቦልቡሎ ከቀረ ረጥቧል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለዶሮዎቹ ብቻ አልነበረም። ከጓዳዋ ግድግዳ ማዶ የእትዬ ዘሀራ አልጋ አለ። እትዬ ዘሀራ ከወሎ የመጡ፣ አንድ ልጃቸውን ሰአዳን ይዘው የሚኖሩ፣ አስም ያለባቸው ሴት ነበሩ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ለዚያውም ጣሪያው ድረስ አይደርስም፣ ከላይ ያለውን ክፍተት የጋራ ኮርኒስ ያደረግነው የማዳበሪያ ከረጢት ነው የሚሸፍነው። ዶሮዎቹ ሲገቡ በሁለቱ ሴቶች መሃል አንድ ውል ተደረገ፤ ሽታው ግድግዳውን ካለፈ ጉዝጓዙ ይቀየራል፣ ካልተቀየረ ዶሮዎቹ ይወጣሉ። እትዬ ዘሀራ የጠዋት ሶላታቸውን ሰግደው ሲጨርሱ ግድግዳውን ያንኳኳሉ። አንድ ጊዜ ከሆነ ደህና ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ይሸታል፣ ቀይሩ። እማዬም መስማቷን ለመንገር አንድ ጊዜ ትመልሳለች። ቀናችን የሚጀምረው በዚህ ነበር። እኔ ለጉዝጓዙ የማደርገውን ሩጫ አይተው እትዬ ዘሀራ አቶ ሰጋቱራ የሚል ስም አወጡልኝ፤ ቅያሱ በሙሉ ተቀበለው።

አንድ ክረምት እማዬ የአጎቷ መርዶ ደርሷት ለአሥር ቀን ጎጃም ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሁለቴ ከተንኳኳ ልብላ ልተኛ የለም፣ ትቀይራለህ። ይቺ ግድግዳ ከተቀየመችን ዶሮም የለን፣ ዘሀራም የለችን» አለችኝ። እትዬ ዘሀራ ሥጋ ካልነካው ድስት ሽሮ እያወጡ በሰአዳ እጅ ይልኩልኛል፤ እኔ ደግሞ ከዶሮዎቹ ጋር እውላለሁ።

በአራተኛው ቀን የዘነበው ዝናብ ጣሪያውን አልፎ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ደነገጥኩ፤ ያለውን ጉዝጓዝ ጠራርጌ አወጣሁና ማዳበሪያዎቼን ይዤ ወደ እንጨት ቤቶቹ ሮጥኩ፤ ግንዱም ሰጋቱራውም ውጭ ሲዘንብበት አድሮ ጭቃ ሆኗል። ደረቅ ያገኘሁት ቁምሳጥን ሠሪዎች ቤት፣ ችፑድ ሲቆረጥ ከመጋዙ ሥር የሚጠራቀመውን ነው። እንደ ዱቄት የላመ ነበር። ጨበጥኩት፤ በጣቶቼ መሃል ሾልኮ አለቀ። ከዚህ የደረቀ ምን ይኖራል ብዬ ሁለት ማዳበሪያ ሞልቼ ተሸክሜ መጣሁ።

እውነትም ሽታው ጠፋ። በማግስቱ አንድ ጊዜ ተንኳኳ፤ በተከታዮቹ ሁለት ቀናትም አንድ አንድ ጊዜ። ኩራቴ ልክ አጣ። ሁለቴ ይገላበጥ የነበረውን በቀን አምስቴ ማገላበጥ ጀመርኩ። በጣሪያው የሚስማር ቀዳዳ የምትገባው ጨረር ውስጥ ብናኙ ወርቅ መስሎ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ መቆስቆሻዬን ተደግፌ እመለከተው ነበር፤ ዶሮዎቹ ዓይናቸውን ጨፈን እያደረጉ ሲያነጥሱ ብርዱ ነው አልኩ። እትዬ ዘሀራም ያስላሉ፤ እሱንም ክረምቱ ነው ብዬ፣ ሎሚ ይዤላቸው ሄድኩ። ተቀብለውኝ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ምንም አይሸትም፣ አቶ ሰጋቱራ። አብሽር» አሉኝ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ግድግዳው አልተንኳኳም። ጠበቅኩ። ዶሮዎቹን መገብኩ፣ ውኃ ቀየርኩ፣ አሁንም ዝም። እኔው አንድ ጊዜ አንኳኳሁ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ። ወጥቼ በራቸው ላይ ስደርስ አልጋው ባዶ ነው፤ ሰአዳ ለሐኪም ቤት ጋቢና ፔርሙስ እያዘጋጀች ነበር። ትንፋሽ አጥሯቸው ገና ሳይነጋ በታክሲ ወስዳቸው ነው የተመለሰችው። ያላየችኝ መስሎኝ ስቆም፣ ጣቷን በልብስ ሳጥኑ ክዳን ላይ አንሸራትታ አሳየችኝ። ነጭ ሆኗል።

«ይኼ የናንተ ነው» አለች፤ አልተቆጣችም።

«ታዲያ ለምን ሁለቴ አላንኳኩም?»

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። የተዋዋልነው ስለ ሽታ ነው፣ ሽታ ደግሞ የለም አሉኝ። ልጁ ብቻውን ነው፣ እናቱ ስትመጣ ዶሮዎቹን ሳይጎድሉ ቆጥሮ ያስረክባት አሉ።»

እትዬ ዘሀራ ከአራት ቀን በኋላ ከስተው ተመለሱ። እማዬ ቀድማ ደርሳ ሁሉን ሰምታ ነበር፤ መቆስቆሻውን ከእጄ ተቀብላ ያን ዱቄት ራሷ ጠራርጋ አወጣችው፤ ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ ዶሮዎቹን እግራቸውን አስራ በሁለት ቅርጫት ስታወጣ እትዬ ዘሀራ ግድግዳ ይዘው ወጥተው በር ላይ ተከራከሯት።

«እኔ ሁለቴ አላንኳኳሁም። በየትኛው ውል ነው የምታስወጫቸው?»

«አንኳኩተሽ ቢሆንማ ባላስወጣኋቸው» አለች እማዬ።

ከዚያ በኋላ እማዬ እህል በረንዳ ባቄላ ለቀማ ገባች፤ ማታ ስትመጣ ሽፋሽፍቷ ላይ አቧራ ይዛ ነበር የምትመጣው፣ ወገቧም ያኔ እንደጎበጠ ቀረ። እትዬ ዘሀራ ግን ጓዳው ባዶ ሆኖም፣ የሚቀየርም ሆነ የሚሸት ነገር ሳይኖር፣ በየጠዋቱ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ማንኳኳታቸውን አልተዉም። እማዬም ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት አንድ ጊዜ ትመልሳለች። ሰፈሩ ፈርሶ እስክንበተን ድረስ እንዲህ ኖሩ። እትዬ ዘሀራ ከሰአዳ ጋር ኮንዶሚኒየም ገቡና እዚያው አረፉ፤ ግድግዳው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥበት ሕንፃ ቆሟል።

እኔ አሁን ከተማው ዳር በተከራየሁት ቤት ዶሮ አረባለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ያልተማርኩትን ግማሽ ተምሬያለሁ፤ ጨብጠህ ስትለቀው ድቡልቡል ሆኖ የሚቀረውም፣ እንደ ዱቄት የሚያመልጠውም አይሆንም፤ ስንጥቅጥቅ ብሎ ቀስ ብሎ የሚበተነው ነው ትክክሉ። ሲደርቅ ውኃ አርከፈክፋለሁ፣ ሳገላብጥ መስኮት እከፍታለሁ። እማዬ ከእኔ ጋር ናት፤ ዶሮዎቹ ወዳሉበት ክፍል ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም።

ግድግዳዬ ብሎኬት ነው፣ በሁለቱም በኩል የተለሰነ። ሽታም ብናኝም አያሳልፍም። ጠዋት አገላብጬ ስጨርስ መቆስቆሻውን አስደግፌ፣ ምን እንደምጠብቅ እያወቅኩ፣ ትንሽ እቆማለሁ። ከወዲያ በኩል ጎረቤት አለ፤ ግድግዳ ከተጋራን ሁለት ዓመታችን ነው። ሲያስል እንኳ ሰምቼው አላውቅም።