ባልንጀራዬን ያወፈርኩበት በጋ

ስለ ራሴ ደግ ደጉን ብቻ እንዳወራ የሚጠብቅ ሰው ይህን ባያነብ ይሻለዋል። በሃያ ስድስት ዓመቴ አንዲት ሴት ሆን ብዬ አወፍሬአለሁ። በቅቤ፣ በማርና በመሐላ አወፈርኳት። ያዘዘኝ ሰው የለም። ሐሳቡም አፈጻጸሙም የራሴ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከመኪናው ነው። በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ክር ፋብሪካ እሠራ ነበር። መስከረም ላይ የአብዮቱ በዓል ሲከበር ፋብሪካው ያጌጠ የጭነት መኪና ይዞ ወደ አደባባይ ይወጣል። መኪናው ላይ አንዲት ሴት ትቆማለች። እጅጌው ከትከሻው የተቆረጠ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ መዶሻ ከፍ አድርጋ፣ የክንዷን ጡንቻ ለሕዝቡ ታሳያለች። ወዝ አደሯ ሴት ማለት እሷ ናት። ለተከታታይ ዓመታት እኔ ነበርኩ።

ጡንቻው የውሸት አልነበረም። ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተሰናበተ አንድ ሃምሳ አለቃ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ለመኪናው የምንወዳደረውን ሴቶች ያሠለጥነን ነበር። የምናነሳው ክብደት በሲሚንቶ የተሞላ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ሁለቱ ጣሳዎች በፌሮ ብረት ይያያዛሉ። ከግንቦት እስከ ጳጉሜን ከሥራ መልስ በየቀኑ እናነሳለን። ወንዶቹ መጀመሪያ ላይ ይስቁብን ነበር። ክንዴ ሲያብጥ መሳቁን ተዉት፣ ሽማግሌ መላኩንም አብረው ተዉት። እኔም አላዘንኩም።

መኪናው ላይ ለመቆም ለምን እንደምሞት ልንገራችሁ። የቆመችው ሴት ዓመቱን ሙሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጣ ትሠራለች። ያልቆመችው ማጠንጠኛ ክፍል ትገባለች። ማጠንጠኛ ክፍል የጥጥ ብናኝ እንደ ጉም የሚንሳፈፍበት፣ ሴቶቹ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው እንደ አሮጊት የሚስሉበት ቦታ ነው። አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ማታ ማታ ምራቄ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። ወደዚያ ከምመለስ ሰው ብጎዳ ይሻለኛል እል ነበር። እንዳልኩትም አደረግኩ።

ችግሩ በዓሉ ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ልምምድ የለም። ሲሚንቶው ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ የለመደው ረሃብ ግን አይቀመጥም። አራት ወር ብረት ያነሳ ሰውነት እንደ ወንድ መብላቱን ይቀጥላል፤ በሁለት ወር ውስጥ ወገብ የነበረው ቦታ ይጠፋል። ግንቦት ሲመጣ አሠልጣኙ የጥጥ ቦንዳ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ በሰው ፊት ያቆመናል፣ ሆዳችንንም በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል። የወፈረች አትቆምም። እስከ መስከረም አላቀልጣትም ይላል፤ ከቃሉም ፍንክች አይልም።

እኔ ራሴን አስሬ እይዝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሹራቤ ሥር የማዳበሪያ ላስቲክ ለብሼ ከዊንጌት እስከ ቁስቋም ዳገቱን እሮጣለሁ። ግማሽ እንጀራ በልቼ በተልባ ሆዴን አታልላለሁ። ሠርግና ክርስትና ሲጠሩኝ አሞኛል እላለሁ። ጎረቤቶቼ «ወፈር ብለሻል፣ አምሮብሻል» ሲሉኝ ምርቃት መስሏቸው ነው። እኔ የስንብት ደብዳቤ የተሰጠኝ ያህል ስለሚሰማኝ የዚያን ቀን እራት አልበላም።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ነው እሷ የመጣችው። ከእኔ በአራት ዓመት ታንሳለች። ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው ጉለሌ የከተሙ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ አባቷ ሲሞቱ የጨርቅ ሱቁ ተዘጋና እሷ ፋብሪካ ገባች። እናቷ ክንድሽ ይታያል ብለው ሦስት ቀን አኩርፈዋት ነበር። ትከሻዋ ሳትሠራበት የተሠራ ነው። እኔ በሦስት ዓመት ያመጣሁትን እሷ በአንድ ክረምት አመጣችው። በዚያ መስከረም ከመኪናው ስወርድ አሠልጣኙ ሰው ሁሉ እየሰማ «ለከርሞ ይቺ ናት የምትቆመው፣ አንቺ እያረጀሽ ነው» አለኝ። እሷ አፍራ መሬት መሬቱን አየች። ወዳጄ ነበረች፤ ከልቤ እወዳት ነበር። ያም አላገደኝም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ቁስቋም አጠገብ ወደምኖርባት ክፍል ጠራኋት። ገንፎ አገንፍቼ መሐሉን በቅቤ ሞላሁት።

«ኧረ ይሄ ለኔ ብቻ ነው? አሠልጣኙ ቢያይ ይገድለኛል» አለች።

«አሠልጣኙ እስከ ግንቦት የለም። ብዪ።»

«በቃኝ፣ እውነቴን ነው።»

«በሞቴ!» አልኩና አጎረስኳት።

በሞቴ የተባለ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? በላች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ደገምኩላት። ከዚያ ወዲያ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ የኔ እንግዳ ሆነች። ጨጨብሳ በማር፣ ቅንጬ በቅቤ፣ እርጎ፣ አጥሚት። ሥጋ በመካከላችን እንደማይገባ ሁለታችንም ስለምናውቅ እሱን ማንሳት አላስፈለገንም። ደሞዜ ቅቤ ተራ ቀረ።

አንቺስ ስትለኝ መልሴ የተዘጋጀ ነበር። «ጾም ነኝ።» መጀመሪያ ጽጌ ነበር፣ ከዚያ የነቢያት፣ ከዚያ ሁዳዴ። የጽጌን ጾም ከተወለድኩ ጾሜ አላውቅም፤ በዚያ ዓመት ግን ከዲያቆን በልጬ ጾምኩ። እሷ የሰው ሃይማኖት የምታከብር ልጅ ስለነበረች ደግማ አትጠይቀኝም። በቁስቋም ማርያም ደጅ የእግዜርን ጾም መሣሪያ አደረግኩት። ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

አንገቷን ደፍታ ቶሎ ቶሎ ነበር የምትበላው። ሆዳም ናት አልኩ። በልቤ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ለማጠንጠኛ ክፍል ሴቶችም አወራሁላቸው። አንድ ቀን ግማሽ ጨጨብሳ ሲተርፍ «ይቺን ለቤት ልውሰዳት?» ብላ ስትለምነኝ ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«እዚሁ ትበያታለሽ እንጂ! ምግቤን ንቀሽ ነው?»

የፈለግኩት ሆዷ ውስጥ እንዲገባ ነበር፤ ጓዳዋ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይጠቅመኛል? እሷም ጨረሰችው።

ፋሲካ ሲደርስ ጉንጯ ሞላ፣ ከአገጯ ሥር ሌላ አገጭ ወጣ። ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ጊዜ እየተቀመጠች ትተነፍሳለች። «አምሮብሻል እኮ» እላታለሁ። እሷ ፈገግ ትላለች፣ የኔም አንጀት ይርሳል።

ግንቦት መጣ። የቆርቆሮዋ ክፍል በር ላይ ወንዱም ሴቱም ተሰብስቧል። መጀመሪያ እኔ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ከአምና አንዲት ቅንጣት አልጨመርኩም። አሠልጣኙ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ እሷ ወጣች። የሚዛኑን ብረት ገፋው፣ አሁንም ገፋው፣ እንደገና ገፋው።

«ጓዶች፣» አለ ወደ ሰው ዞሮ፣ «ቦንዳውን ሳላወርድ ነው እንዴ ይቺን የመዘንኳት?»

ሳቁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። እሱ አላበቃም። በሁለት ጣቱ የጎኗን ሥጋ ቆንጥጦ ይዞ ወዘወዘው። «ይሄ ምንድነው? ይሄ ወዝ አደር ነው? ይሄን ጭነን ብንወጣ የመኪናው ጎማ ይፈነዳል!» እሷ እጆቿን ወደ ታች ለቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። የሁሉም ሳቅ ቆሞ የኔ ብቻ ሲቀር ነው መሳቄን ያወቅኩት። መኪናው የኔ ሆነ። እስከዚያ በእጩነት ግምጃ ቤት ትሠራ የነበረችው እሷ በነጋታው ማጠንጠኛ ክፍል እንድትገባ ተነገራት።

አብረን ወጣን። ሌላ ጊዜ አብረን ስለምንወጣ ጥያት መሄድ ነውር መሰለኝ። ከፋብሪካው በር ትንሽ እንደራቅን እንዲህ አለችኝ፦

«ከጥቅምት ጀምሮ ገብቶኝ ነበር።»

«ምኑ?»

«ቅቤው ነዋ። ራስሽ ሳትቀምሺ እኔን ስታጎርሺ። ሕፃን አይደለሁም እኮ።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?» አልኳት።

ዙሪያዋን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የአጎቴ ሚስት ከአራት ልጆቿ ጋር ከወሎ መጥታ ጓዳ ደብቀናታል። እዚያ ሰው እያለቀ ነው። ቀበሌ ከሰማ ይመልሳቸዋል። ካርድ ስለሌላቸው ከኅብረት ሱቅ ምንም አያገኙም። አንቺ ጋ በበላሁ ቀን የቤት ድርሻዬን ለልጆቹ እተዋለሁ። እንደምወፍር አውቄያለሁ፣ እ... ምን ላድርግ? ሳምንት በገባ ሦስት ቀን ይበላሉ። በቃ።»

አልተቆጣችም። ሬዲዮ በየቀኑ ስለ በዓሉ ዝግጅት ብቻ ያወራ ነበር። ወሎ ሰው እያለቀ መሆኑን ከእሷ አፍ ነው የሰማሁት። ቆም ብላ ሻሿን አስተካከለች።

«እንግዲህ መኪናው ላንቺ ሆኗል» አለች። «ካሁን በኋላ ምንም አላጎድልብሽም። ሰኞ እንደ ድሮው ልምጣ?»

እዚህ ጋ አለቀስኩ፣ ይቅር በይኝ አልኳት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላልኩም። አፈርኩ፣ ሐፍረቴም ወዲያው ንዴት ሆነ። አውቃ በልታ አሞኝታኛለች አልኩ፤ ሰባት ወር ቤቴ ተቀምጣ ልቤን ስታነብ ኖራለች አልኩ። ከዚያም በላይ ደግሞ ቅቤው ሥራውን ጨርሷል። ለምን ብዬ ነው ከእንግዲህ የማበላት?

«ልምምድ ጀምሬያለሁ፣ ጊዜ የለኝም» አልኳት።

«እሺ» ብላ ቁልቁል ሄደች።

መስከረም ላይ መኪናው ላይ ቆምኩ። ክንዴ እንደዚያ ዓመት አምሮበት አያውቅም ነበር፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠራን። ከግምጃ ቤቱ በር እስከ ማጠንጠኛ ክፍሉ በር አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ሳሏን ከሌሎቹ ሳል ለይቼ እሰማ ነበር። ከአራቱ ልጆች ስንቱ እንደተረፈ ግን አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኳትም።