ሞራ የነካው ክር

የመምህር የኔሰው ሱሪ የተቀደደው ሞጣ መናኸሪያ ላይ ነው። ከቢቸና ጀምሮ ጉልበቱን አጥፎ የመጣበት ሚኒባስ በሩ አጠገብ አፍንጫዋን ያወጣች ብረት ነበረችው፤ ሲሳፈር ዝም ብላ ያሳለፈችው ሲወርድ ያዘችው። ጨርቁ «ጠርርር» ሲል ሾፌሩ ሳይቀር ዞረ። የኔሰው እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ዳሰሰ። ጉዳቱ በመርፌ ቁልፍ የሚሸፈን አልነበረም።

ሌላ ቀን ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ያን ቀን ግን የመጣው ለሽምግልና ነው። የእህቱ ልጅ ስጦታው አንዲት የሞጣ ልጅ ወዶ፣ ሽማግሌዎቹ ከልጅቷ ቤት ደጃፍ ረፋዱ ላይ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። ልጃችሁን ለልጃችን ብሎ ሰው ፊት የሚቆም ሽማግሌ ከኋላው ተከፍቶ እንዴት ይቆማል? ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ጠመጠመና ልብስ ሰፊ ፍለጋ ሄደ።

ብዙም ሳይርቅ በሩ ላይ የሙሽራ ቀሚስ የተሰቀለበት ቤት አገኘ። ከውስጥ ግን የስፌት መኪና ድምፅ አይሰማም። ገባ ሲል ነጭ ቆብ የደፉ፣ ጠና ያሉ ሰው ከስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠዋል። እንደ ሻሽ የነጣች ድመት ጭናቸው ላይ አስተኝተው በሁለት ጣታቸው አፏን ፈልቅቀው ያያሉ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ፤ የቸኮልኩ ሰው ነኝ፣ ይችን ሱሪ…»

«ኧረ ሱሪህን ተወው ወንድሜ!» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይልቅ ዓይንህ ደህና ከሆነ ናማ እይልኝ። ምላሷ ሥር ያለው ክር ነው ጅማት?»

የኔሰው ጎንበስ አለ። ክር ነው፤ ቀይ ክር። ምላሷ ሥር ዞሮ ተጠምጥሞ ሌላው ጫፉ ወደ ጉሮሮዋ ወርዷል።

«የእኔ ክር ነው» አሉ ሰውዬው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የቁልፍ መትከያዬ ነው። ሰሞኑን የበላችውን ሁሉ ስታስመልስ፣ መጥፎ አይጥ በልታ ነው እያልኩ ዝም አልኩ።»

ሐምዱ ይባላሉ። ሙያውን የተማሩት ገና ጢም ሳያወጡ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነው። እኚያ ሰው ካስተማሯቸው ሁሉ አንዱን ነገር እንደ ሃይማኖት ይዘውታል፤ ለወፍራም ልብስ የሚሆን ክር በበሬ ሞራ ይታሻል። ሞራ የነካው ክር አይተበተብም፣ አይበጠስም፣ ካፖርቱንም ብርድ ልብሱንም ሰርስሮ ያልፋል። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች «የጋሽ ሐምዱ ሱቅ ሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ይሸታል» እያሉ ቢስቁባቸውም አልተዉትም፤ ልብሱ አልቆ እንኳ እሳቸው የተከሉት ቁልፍ ከቦታው አይነቃነቅምና። ለልብስ ሰፊ ማለስለሻ የሆነው ሞራ ለድመት ምሳ መሆኑ ግን ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

የክሩን ጫፍ በጥፍራቸው ቆንጥረው ያዙ። «ብስበው ይወጣል» አሉና ሳቡ። ድመቷ ጮኸች። ጩኸቷ የድመት አይመስልም ነበር፤ መላ ሰውነቷም እንደ ተጨበጠ እጅ እጥፍጥፍ አለ። ደንግጠው ለቀቁት።

«ወላሂ ገደልኳት!»

«አይንኩት ጋሼ! እዚህ አገር የእንስሳት ክሊኒክ የለም እንዴ?»

«ክሊኒኩማ አለ። ግን የከብት ነው። እኔ ሐምዱ ድመት አቅፌ ከበሬ ጋር ብሰለፍ ሰው ምን ይለኛል?»

የኔሰው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ዞሮ አሳያቸው። «እኔ እንዲህ ሆኜ አብሬዎት እሄዳለሁ። ከእኔ የባሰ አይሳቅብዎትም።»

ጋሽ ሐምዱ እንባቸው ቅርር እንዳለ ፈገግ አሉ።

ድመቷን በቅርጫት አድርገው ከሙሽራዋ ቀሚስ የተረፈ ሳቲን አለበሷትና ወጡ። መንገድ ላይ ጋሽ ሐምዱ ስለ ድመቷ ሲያወሩ አፋቸው አላርፍ አለ። ስሟ ሻሺ ነው። ሻሺ ከመምጣቷ በፊት ሰርጉ ለነገ ሲባል አይጥ የአንዲትን ሙሽራ ቀሚስ አንገቱን በልቶት፣ ሙሽራይቱ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ማየታቸውን አይረሱትም። ባለቤታቸው ዘሚራ ናት ከዚያ ወዲያ ድመቷን ከየትም ፈልጋ ያመጣችው። ዘሚራ አሁን ልጃቸው ስለወለደች ባሕር ዳር አራስ ልትጠብቅ ሄዳለች።

«ስትሄድ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ሻሺን አደራ› አለችኝ። ስለ ራስህ አስብ አላለችም፣ ምሳህን አትርሳ አላለችም፤ ሻሺን አደራ! አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራት? ሞራዬ ገደላት ልበል?»

ክሊኒኩ ግቢ በሬው፣ በጉ፣ በቅሎው ተኮልኩሏል። ጋሽ ሐምዱ ቅርጫቱን በኩታቸው ሸፍነው ሊያልፉ ሲሉ፣ የሚያነክስ በቅሎ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ አቶ አምላኩ የሚባሉ ገበሬ ለዩአቸው።

«ሐምዱ! ዶሮ ነው የያዝከው? ለዶሮ እኮ ሽንኩርት እንጂ ሐኪም አያስፈልገውም!»

«ድመት ናት።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «ድመት!» አሉ አቶ አምላኩ። «ወገን፣ ጉድ ስሙ! ነገ ደግሞ አይጡ ታሞ ይመጣል። ስማ፣ ያኛው ጋቢ ያገለደመውስ ሰውዬ? እሱም ለሕክምና ነው?»

«እሱ ለስፌት ነው» አሉ ጋሽ ሐምዱ።

ሳቁ ሳያበቃ ሻሺ ቅርጫቱ ውስጥ ታስመልስ ጀመር። የሚወጣ ነገር የላትም፤ ባዶ ሆዷ ብቻ ይኮማተራል። አቶ አምላኩ ጎንበስ ብለው አዩአት። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ።

«ግባ፣ ግባ በል» አሉ በዝግታ። «ቀጣዩ የእኔ ወረፋ ነው፣ ውሰደው። በቅሎዬ ብታኮርፍም የማባብላት እኔ ነኝ።»

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሊድያ ገና ወጣት ናት። የሻሺን አፍ ከፍታ አየች፣ ሆዷን በጣቶቿ ቀስ አድርጋ ዳበሰች፤ ከዚያ ጋሽ ሐምዱን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ክሩን ስበውታል?»

«አንድ ጊዜ።»

«እንኳን ተዉት። አንዱ ጫፍ ምላሷ ላይ ተይዟል፣ ሌላው አንጀቷ ውስጥ ገብቷል። የተወጠረ ክር ደግሞ አንጀት ላይ ምላጭ ማለት ነው። አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ካልከፈትኳት ትሞታለች። ብከፍታትም ልትሞት ትችላለች። እኔ የለመድኩት በሬና ላም ነው፤ ድመት ከተማሪ ቤት ወዲህ ከፍቼ አላውቅም። ረዳቴም ለክትባት ገጠር ወጥቷል፣ መብራትም የለም። ምን ላድርግ?»

ጋሽ ሐምዱ ሻሺን ራሷን ዳበሷት። የኔሰው አያቸው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ክፈቻት ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እጅ ከጎደለሽ የእኔ አለ።»

እጃቸውን አስታጥባ ጓንት አለበሰቻቸው። ለየኔሰው የስልኩን መብራት አብርቶ እንዲይዝ ነገረችው። ማደንዘዣው ሻሺን ሲጥላትና ሆዷ ተላጭቶ ሲገለጥ፣ የኔሰው ዓይኑን ሊጨፍን ምንም አልቀረውም። ያኔ ስልኩ እጁ ላይ ጮኸ። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው። ድምፁን ወደ ውጭ አድርጎ አነሳው።

«የት ደረስክ መምህር? ደጅ ላይ ተገትረን እኮ ነው!»

«ክሊኒክ ነኝ መሪጌታ፤ ቀዶ ጥገና ላይ ነን።»

«ወይኔ! ምን ሆንክብን?»

«እኔ አይደለሁም፤ ድመት ናት። ሱሪዬ ተቀዶ…»

መሪጌታ ግራ ገባቸው። «ሱሪህን የቀደደችው ድመት ናት የምትታከመው?»

ዶክተር ሊድያ ከጭንብሏ ሥር ሳቀችና ወዲያው «በሉ፣ ዝም» አለች። ስልኩ ተዘጋ። የሻሺ ሆድ ተከፈተ።

የኔሰው ያየውን ነገር ቢቸና ተመልሶ ለተማሪዎቹ ሲያወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ድምፁ ይለወጣል። አንጀት ሲባል የሚያውቀው በግ ሲታረድ የሚያየውን፣ የተዝረከረከውን ነበር። ይኼኛው ግን ተሸብሽቧል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እኩል እጥፋት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ፣ ቀይ ክር መሀል ለመሀል አልፎበት። በሩ ላይ ተሰቅሎ ያየው የሙሽራ ቀሚስ ወገቡ ልክ እንደዚህ ነበር።

«ሱብሐነላህ» አሉ ጋሽ ሐምዱ። «ይኼ የእኔ ሽብሽብ ነው። ልጄ፣ ይኼ እኮ የእኔ እጅ ነው! ክር አሳልፌ ስስበው ጨርቁ እንዲህ ነው የሚሰበሰብልኝ።»

የሚገርመው፣ እጃቸው መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር። ዶክተሯ «እዚህ ይያዙ» ስትላቸው ያችን እንደ እርጥብ ሐር የምታሟልጭ ነገር፣ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ይመስል፣ ሳይጫኑ ሳይለቁ ያዟት። ዶክተሯም ክሩን ከሻሺ ምላስ ሥር ቆርጣ ለቀቀችው፤ ከዚያ አንጀቱን እዚህም እዚያም በጥቂቱ እየከፈተች ክሩን ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ሳበችው። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ሸርክቶ ሊያልፍ ደርሶ ነበር።

«ይኼ እኔ ስስበው ነው?» አሉ ጋሽ ሐምዱ።

«አላውቅም አባቴ። እሱን አላውቅም።»

የመጨረሻው ቁራጭ ሲወጣ ሽብሽቡ ተፈታ። ከዚያ የሆነውን የኔሰው ሊያምን አልቻለም፤ ጠቁሮ የነበረው አንጀት እያዩት እንደ ንጋት ሰማይ ቀላ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ በራሱ ተንቀሳቀሰ። ድመቷ እንደ በድን ተኝታለች፤ አንጀቷ ግን ማንም ሳያዘው ዝም ብሎ እንደ ውኃ ማዕበል ይገፋ ጀመር። መስኮቱ ላይ «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ አምላኩ በቅሏቸውን ትተው ቆብ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ቅድም የሚስቁት ሁሉ ከኋላቸው ተደርድረዋል። አንድም የሚስቅ የለም።

ዶክተር ሊድያ እንደ ጨረቃ በጎበጠች መርፌ ትሰፋ ጀመር። ጋሽ ሐምዱ ጥልፏን አንድ በአንድ በዓይናቸው ተከተሉ። «ምነው አላጠበቅሽው? ይላቀቃል» አሉ አንዴ።

«የእኔ ሥራ ማጠጋጋት ብቻ ነው። የሚሰፋው እሱ ራሱ ነው።»

«ማን ራሱ?»

«ሥጋው።»

ጋሽ ሐምዱ ጎንበስ ብለው ቁስሉን አዩት።

ሻሺ ያን ቀን እዚያው ቀረች፤ ትተርፍ አትተርፍ የሚያውቅ አልነበረም። የኔሰው የራሱን ሱሪ ለስፌት ትቶ፣ ጋሽ ሐምዱ ባለቤቶቹ ሳይወስዱት ከቀረ ልብስ መሀል መዘው ባዋሱት፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በሚቀር ሱሪ ሽምግልናው ላይ ደረሰ። የልጅቷ ዘመዶች እግሩን እያዩ አዳመጡትና እንደ ወጉ «መጪው በዓል ካለፈ በኋላ ተመለሱ» ብለው ሸኙአቸው።

በዓሉ አለፈ። የኔሰው ከሚኒባሱ ተጠንቅቆ ወርዶ በቀጥታ ወደዚያ በር አመራ። ገና ሳይደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማው፤ ልቡ ግን እስኪያይ አላረፈም። ሻሺ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጋሽ ሐምዱ ክንድ ሥር ተኝታለች። ቁስሏን እንዳትልስ የሳቲን ካፖርት ተሰፍቶላታል፤ ባለ ቁልፍ። የሞራው ቆርቆሮ ከቦታው ጠፍቷል፤ በምትኩ የንብ ሰም ተቀምጧል።

«ዘሚራ አወቀች?»

«ነገርኳት እንጂ። ስትጮህብኝ ዋለች። ከዚያ ‹ካፖርቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ› አለችኝ።» ከዚያ የስፌት መኪናውን አቆሙ። «ትናንት ዶክተሯ ጋ ወሰድኳት። ከላይ የሰፋችውን ክር በመቀስ እየቆረጠች መዘዘችው። እኔ እጄን ዘርግቼ ልይዝ ተዘጋጀሁ፤ ክር ከተመዘዘ ይተረተራል፣ ሌላ አላውቅማ! ክሩ ወጣ መምህር፤ ስፌቱ ግን አልተፈታም። ማታውን ሙሉ ሳስበው አመሸሁ። ስንቱን ሰፍቼ፣ ስንቱን ፈትቼ… እንዲህ ያለ ጨርቅ ግን አይቼ አላውቅም።»

ካፖርቱን ፈተው ሆዷን አሳዩት። ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ጸጉሩም መብቀል ጀምሯል።

የኔሰው የራሱን ሱሪ ለብሶ ወጣ። ስፌቱ የት እንደነበረ በጣቱ ቢፈልግ አጣው። ጎዳናው ላይ ሲደርስ ጋሽ ሐምዱ ድመቷን አቅፈው ከበሩ ብቅ አሉ።

«መምህር! የሚኒባሷን ብረት ተጠንቀቅ! እሱ ሱሪ ራሱን አይሰፋም!»