ሳልታከም የተጠየቅኩት ምስክርነት

«ነጭ ሆኖ የታየ ቦታ አለ። ካንሰር አይደለም። ካልታከመ ግን ወደዚያ ሊሄድ ይችላል።»

ሲስተር ይህን ስትለኝ ገና ከምርመራ አልጋው አልወረድኩም። ሕመም አልነበረኝም። ደም አላየሁም። ጤና ጣቢያ የሄድኩት የሥራ ባልደረባዬ ጎትታኝ ነው። አሴቲክ አሲድ የሚባል፣ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ የማህፀኔን በር ቀብታ አየችው። ቅድመ ካንሰር። በዚያው ቀን ልታክመኝ ትችል ነበር። «ጸልዬ ልምጣ» አልኳት።

ወደ ሐዋሳ ፒያሳ ስሄድ የባጃጆቹ ድምፅ ከውኃ ሥር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ነቀምት ናት። ሐዋሳ ላይ ከባለቤቴ ሌላ ዘመዶቼ የጸሎት ቡድናችን እህቶች ናቸው። የተባልኩትን ስነግራቸው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። መሪያችን እትዬ ብርቄ አቀፉኝና «ተፈውሰሻል! እሁድ ትመሰክሪያለሽ» አሉኝ።

በእኛ ዘንድ መስክሮ ሐኪም ቤት መሄድ መጠራጠር ይመስላል። ሁለቱንም ፈራሁ፤ ካንሰሩንም፣ እምነት የለሽ መባሉንም።

እሁድ ማይክ ተሰጠኝ።

«ጌታ ሳልታመም አሳየኝ፤ አመሰግነዋለሁ። ነገ ልታከም እሄዳለሁ። ማን ይሸኘኛል?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

እትዬ ብርቄ ከፊት ወንበር ተነሡ። «እኔ ነኛ! ብቻዋን ትሂድ እንዴ? ተፈውሰሻል ያልኳት እኔ ነኝ፤ ጌታ በሐኪም እጅም ይፈውሳል።» ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እናንተስ ምን ያሽኮረምማችኋል? እኔ አምስት ወልጄ ዛሬ ማንን አፍራለሁ? እመረመራለሁ!» ሁሉም ሳቁ።

ሕክምናው ቴርማል አብሌሽን ይባላል። በጋለ መሣሪያ ነጩን ቦታ ማቃጠል ነው። «አሁን ይሞቅሻል» አለች ሲስተር። ሞቀኝ። ሆዴን ቆረጠኝ። አለቀ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ውኃ መሰል ፈሳሽ ይወጣኝ ስለነበር፣ ሲስተር እንዳዘዘችኝ ከባለቤቴ አልጋ ለይቼ፣ አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ቀስ እያልኩ እሄድ ነበር፤ ውኃውና ሰማዩ ባንድ ቀለም ሲገጥሙ፣ በእግሬ ልሂድ በሕልሜ ልንሳፈፍ አይለይልኝም ነበር። በዓመቱ ስመረመር ነጩ ቦታ የለም።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ እስኪያምሽ አትጠብቂ። ታከሚ ከተባልሽ ጸሎቱን እዚያው የምርመራ አልጋው ላይ ጸልዪ፤ ጌታ እዚያም ይሰማል።

በዚያ እሁድ የነበራችሁ እህቶቼ፣ ምስጋናዬ አያልቅም። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ታሪኬን ስታወሩ «ተጸልዮላት ዳነች» ብላችሁ አታቁሙ። ጤና ጣቢያውንም ጨምሩበት። ጸሎቱ ላይ ካቆማችሁ፣ የምትሰማችሁ ሴት ቤቷ ትቀራለች።