በቀን የምተኛበት ክፍል

ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ሰበታ ውስጥ ሰነፍ ይመስላል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ነርስ ነኝ። ጠዋት በፉሪ በኩል በታክሲ ስመለስ ሰው ሁሉ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ እኔ ብቻዬን ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቶ በተቃራኒው እመጣለሁ። ቤት ስደርስ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ መተኛት። ያንን አንድ ነገር ለዓመታት አላገኘሁም።

የምንኖረው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነበር። የዚህ አገር ሰው ቦታ ሲገዛ በመጀመሪያ ጓሮው ላይ ሰርቪስ ይሠራል፣ ፊት ለፊቱን «ለዋናው ቤት» ብሎ ይተወዋል፣ ከዚያ ሰርቪሱ ውስጥ ያረጃል። እኛም ወደዚያው እያመራን ነበር። ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ሳሎንም ማብሰያም የእማማ መኝታም ነው፤ ሁለተኛው የእኔና የባሌ። የእኛ በር በቀጥታ ሳሎኑ ላይ ስለሚከፈትና ስለማይገጥም መጋረጃ ሰቅለንበት ነበር።

እማማ የባሌ እናት ናቸው። ከወሎ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻቸው የሚያቀላጥፉት፣ ሰው የሚወዳቸው ሴት። «አካም ቡልቴ!» የሚለው ሰላምታቸው በሦስት ግቢ ያስተጋባል። እንግዳ ከቤታቸው ጠፍቶ አያውቅም። እንግዳው ደግሞ «ምራትዎስ?» ይላል። ተኝታለች ሲባል፣ «በቃ ሰላም ብቻ ብለናት እንሂድ።» ወይ ጉድ! ያ «ሰላም ብቻ» የስንቱን ዘመድ ጤና፣ የስንቱን ልጅ ፈተና ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ፀጉሬ ቆሞ፣ ፈገግ እያልኩ እቀመጣለሁ።

እንግዳ በማይኖርበት ቀን ደግሞ እማማ ራሳቸው አሉ። የመጋረጃው ቀለበት ሲጮህ እነቃለሁ፣ ድምፃቸውም ይከተላል፦ «ልጄ፣ ተኛሽ?»

ሰው ለዚህ ጥያቄ ምን ብሎ ይመልሳል? «ተኝቼ ነበር» እላለሁ። «እሺ፣ ተኚ፣ ተኚ» ብለው ይሄዳሉ። ጥቂት ቆይተው ይመለሳሉ። እናደዳለሁ፤ ግን እናት ናቸው፣ ምን ይባላል? ውጬው እተኛለሁ፣ ወይም ተኝቻለሁ ብዬ ጣሪያውን አያለሁ። አንድ ሌሊት ታዲያ መርፌውን ይዤ በዋርዱ መሀል ቆምኩና የትኛው በሽተኛ ጋ እየሄድኩ እንደነበር ጠፋኝ። ምንም አልደረሰም፣ ካርዱን ደግሜ አየሁ። ያን ዕለት ጠዋት ለባሌ ቁርጡን ነገርኩት፤ ወይ እተኛለሁ፣ ወይ የምወደውን ሥራ እለቃለሁ።

ባሌ ዋናው መንገድ ላይ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው። እሱም ሲያስብበት ቆይቶ ኖሮ፣ ዘንድሮ ኢንሻላህ ዋናውን ቤት እንጀምራለን አለ። እኔ ነኝ ፕላኑን የማወጣው አልኩት። አንቺ መርፌሽን ውጊ ብሎ ሳቀ፣ ግን የሱቁን ላፕቶፕ አዋሰኝ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ደግሞ ላፕቶፕ ማዋስ አይገባም ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሳት የሥራ ባልደረባዬ የቤት ዲዛይን ፕሮግራም በፍላሽ ሰጠችኝ። እሷ ሶፋዋ በጠባቡ ሳሎን ውስጥ የት እንደሚቆም የፈታችው በዚያ ነው። የሰጠችኝ ምክር አጭር ነበር፤ ግድግዳ ከመሥራትሽ በፊት ያለሽን ዕቃ በሜትር ለኪ አለችኝ።

እኔ ግን የት ልስማ! የዕረፍት ቀኔ ላይ ተቀመጥኩና ግድግዳ በግድግዳ ላይ አወረድኩት። መስመር መጎተት ነው፤ ሲጎትቱት ክፍል ይሆናል፣ አንድ ቁልፍ ሲነኩት ደግሞ በስሪ ዲ እንደ እውነተኛ ቤት ብድግ ይላል። እንዴት ደስ እንደሚል! ባለ ሰፊ ሳሎን፣ ባለ ሦስት መኝታ አድርጌ ለባሌ አሳየሁት። የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነውና ዓይኑ ወዲያው ያዘው። የግድግዳሽ ውፍረት ስንት ነው አለኝ። ለካ ፕሮግራሙ ዝም ሲሉት የሚሠራው ግድግዳ የፈረንጅ አገር፣ እንደ ጣውላ የሳሳ ነው። የእኛ ብሎኬት ወፍራም ነው፣ ልስኑ ደግሞ በሁለቱም ወገን ይጨመርበታል። ውፍረቱን ሳስተካክል ክፍሎቹ ሁሉ ጠበቡ፣ ቁም ሳጥናችን የመኝታ ቤቱን በር ዘግቶ ቁጭ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀመጥኩ መስሎኝ በዚያው ላይ ስለደረብኩበት፣ መጀመሪያ የሠራሁት እንኳ አልተረፈልኝም።

ከዚያ በኋላ እንደተነገረኝ አደረግሁ። ሜትር ይዤ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የእማማን መጅሊስ፣ ያን ዝቅ ያለ የወለል መቀመጫ፣ ለካሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ሞልቷል፣ መጅሊስ ግን የለም። የሌለውን ነገር ከሣጥን መሥራት እንደሚቻል የተማርኩት ያኔ ነው፤ አንድ ተራ ሣጥን ወስጄ አሳጥሬ፣ አስረዝሜ፣ ቀይ ቀለም ቀባሁት። እማማ አይተው ይኼ የኔ ነው አሉ፣ ደስ አላቸው።

ለመኝታዬ ዋናው ጠላት ፀሐይ ነው። ሌላ ሰው የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ እንዲገባለት ይለምናል፣ እኔ የምፈልገው ጨለማ ነው። ፕሮግራሙ ሰሜኑን በትክክል ካዞሩለትና ሰዓቱን ከሞሉለት ፀሐይ የት ክፍል እንደምትገባ ያሳያል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብዬ ሦስት ቁጥርን ሞላሁ። ክፍሌ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። አልሀምዱሊላህ አልኩ፣ እንግዲያው አየር ይግባ ብዬ መስኮት ጨመርኩ፣ አሁንም ጨለማ፤ የባሰ ሰፊ መስኮት ጨመርኩ፣ አሁንም ጨለማ። ባሌ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ ግቢው ሁሉ ለምን ጨለመ አለኝ። ለካ የፕሮግራሙ ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ነበርኩ! ሳምንቱን ሙሉ ሳቀብኝ። ሦስቱን በዘጠኝ ስተካው ፀሐይዋ አልጋዬ ላይ ተዘረጋች። መኝታውን ወደ ምዕራብ አዞርኩት።

ምዕራቡ ጥግ ስሪ ዲው ላይ ገነት ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ አረንጓዴ ሜዳ። እውነተኛው አጥር ሥር ሄጄ ብቆም የጎረቤታችን ብየዳ ቤት ብረቱን ይፈጫል። ፕሮግራሙ ድምፅ አያውቅም፣ ጎረቤትም አያውቅም፤ ካልሳሉለት ሁሉንም ሣር ያደርገዋል። ስለዚህ ብየዳ ቤቱንም፣ መንገዱንም፣ የጎረቤት ውሻ የሚታሰርበትንም ሳልኩት። ሳየው መፍትሔው ቀላል ሆነ። መታጠቢያ ቤቱንና ዕቃ ቤቱን በብየዳው በኩል ደረደርኩ፣ መኝታዬን ከእነሱ ጀርባ አስገባሁ፣ ከሳሎን ለመለየት ደግሞ በር ያለው አጭር ኮሪደር አደረግሁለት። ከእንግዳው እስከ አልጋዬ ሁለት የሚዘጋ በር። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ ትዝ አይለኝም።

አንድ ከሰዓት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ለሁለቱም ቤቱን አዞርኳቸው። ባሌ ሳሎኑን ወደደው። እማማ በፍቅር ያዩት ጀመር፣ ማዕድ ቤቱን መረቁት፣ የራሳቸውን ክፍል መረቁት። ኮሪደሩ ጋ ስንደርስ፣ አንቺ የት ነሽ አሉ። አሳየኋቸው። ይኼ ሩቅ ነው፣ በሩ ሳሎን ላይ ይሁን፣ ሁለት በር ለምን ያስፈልጋል አሉ።

የተጠራቀመው የዓመታት የእንቅልፍ እጦት እዚያው ወጣ። «እንግዲያው አልጋዬን ሳሎን መሀል ላውጣልዎት፣ እማማ?» አልኩ። ባሌ ደነገጠ። ለሱቁ ሰው መጣ ብሎ ሹልክ አለ፤ ማንም አልጠራውም ነበር። እኛ ሁለታችን ከላፕቶፑ ጋር ቀረን።

እማማ አልተቆጡም። መቁጠሪያቸውን አወጡና ጥቂት ካንቀሳቀሱ በኋላ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ ተናገሩ።

«የባልሽ አባት ምሳ በልተው ትንሽ ልረፍ አሉ። ልጆቹን ከግቢ አስወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቤቱን ጸጥ አድርጌ ጠበቅኋቸው። ከሰዓት ለአስር ሶላት ልቀሰቅሳቸው ብገባ ቀዝቅዘው ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ስትተኚ ድምፅ የለሽም።»

አማቴ በድንገት እንደሞቱ ነበር የማውቀው፤ ባሌም ያኔ ሕፃን ስለነበረ ከዚያ በላይ ነግሮኝ አያውቅም። በዚያ ሁሉ ዓመት መጋረጃውን የሚገልጡት ለወሬ፣ ለምሳ፣ ለእንግዳ ይመስለኝ ነበር። እኔ ሙያዬ ሌሊቱን ሙሉ እየዞርኩ የተኛ ሰው መተንፈሱን ማየት ነው። ቤት ውስጥ በቀን እንደዚያው የሚዞርልኝ ሰው እንዳለ ግን አላወቅሁም። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ። እሳቸውም አይዞሽ አሉኝ፣ እኔ ማጽናናት ሲገባኝ።

ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብኩት። መስኮት የሚሠራው የውጭ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው ያለው ማነው? በኮሪደሩና በመኝታዬ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ትንሽ፣ የማይከፈት መስተዋት አስገባሁ። በሆስፒታላችን የዋርዱ በር ላይ እንዳለው፣ ሳይከፈት ማየት እንዲቻል። ቆንጆ ሆነ፤ ለእኔ። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ቤቱን የሚያሳየው በረጅም ሰው ዓይን ነው። እማማ አጭር ናቸው። ይነሱ እስኪ ብዬ ከወለል እስከ ዓይናቸው በሜትር ለካሁ፤ እየሳቁ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙልኝ። ካሜራውን በእሳቸው ቁመት ሳደርገው በመስተዋቱ የሚታየው ኮርኒስ ብቻ ሆነ። መስተዋቱን አወረድኩ፣ አልጋውን አዞርኩ፣ እንደገና አየን። አሁን አልጋው ከራስጌ እስከ ግርጌ ይታያል። ቤት የሚሠራ ሰው ቢጠይቀኝ የምነግረው አንድ ነገር ይኼ ነው፤ ክፍሉን በሚያየው ሰው ዓይን ቁመት እየው፣ በራስህ አይደለም።

እማማ ተጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ላፕቶፑን በመዳፋቸው ነካ አድርገው፣ ሁለቱም በሮች ይሁኑ አሉ። «ሰላም ብቻ» ባዮቹንም ለኔ ተያቸው አሉኝ።

ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥዕሌን ተቀብሎ በወጉ አወጣው። በኮሪደሩ መስተዋት ግራ ተጋብቶ ይኼ ስህተት ነው ብሎ ሊሰርዘው ነበር፤ ግንበኛውም እንደዚያው። ቁመቱን በቾክ ግድግዳው ላይ ምልክት ያደረግሁት እኔው ነኝ። እስኪያልቅ ድረስ ሰርቪሱ ውስጥ ኑሯችን ያው ነበር፣ ቀለበቱም ይጮህ ነበር፤ ብቻ እኔ መናደዱን ትቼዋለሁ።

ቤቱ ቀለሙ ሳይደርቅ ገባን። የመጀመሪያው ቀን ከሥራ መጥቼ ሁለቱን በር ዘግቼ ተኛሁ። ብየዳው የለም፣ ፀሐይ የለም፣ ሰው የለም። ስነቃ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላወቅሁም። በመስተዋቱ የእማማ ነጭ ሻሽ ይታያል፤ ፊታቸውን አስጠግተው፣ ትንፋሻቸው መስተዋቱን አደብዝዞት፣ ጨለማው ውስጥ ይፈልጉኛል። እግሬን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ አወዛወዝኩላቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ድምፃቸው ግን አልገባም። ከዚያ የኮሪደሩን በር ቀስ አድርገው ዘጉት፣ እኔም ዞሬ ተኛሁ።