የጋሽ ፍሬን ስፖኪዮ

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዱ አንድ ሰው አልገጩም። ሰፈርተኛው ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ትቶ «ጋሽ ፍሬን» ያላቸው ለዚህ ነው። እሳቸውም ስሙን ወደውታል፤ ስልክ ሲያነሱ እንኳ «ፍሬን ነኝ፣ ማን ልበል?» ይላሉ። ጡረታ ሲወጡ የጋራዡ ሰዎች የዚያኑ አውቶብስ የቀኝ ስፖኪዮ ፈትተው፣ ወልውለው፣ በስጦታ ሰጧቸው። ጋሽ ፍሬን ስፖኪዮውን ከጋጣቸው ደጃፍ ባለው ምሰሶ ላይ በብሎን ገጠሙት። ጠዋት ጠዋት ጢማቸውን የሚላጩት በእሱ ነው።

ከጋጣው ፊት መስክ አለ፤ መስኩ ላይ ደግሞ አንዲት ድንክ ፈረስ። እሜቴ የሚል ስም ያወጡላት የጋሽ ፍሬን ሚስት ነበሩ፤ ቁመቷ ከሰው ወገብ ብዙም ሳያልፍ ሁሉን ካላዘዝኩ ሞቼ እገኛለሁ ስለምትል። ሚስትየዋ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። ጋሽ ፍሬን እሜቴን የሚያዩዋት እንደ አደራ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ አብራት የኖረችው አሮጊት ባዝራ ስትሞት እሜቴ ምግብ ተወች። ድርቆሹን ታሸትና ፊቷን ታዞራለች። ጋሽ ፍሬን ባልዲ ይዘው አጠገቧ ቆመው ሲያወሯት ብቻ ሁለት ሦስቴ ትጎርሳለች። ጎድኗ መቆጠር ሲጀምር የእንስሳት ሐኪሟን ጠሩ። ሐኪሟ ጥርሷንም ሆዷንም አየች።

«ጋሼ፣ በሽታ የለባትም። ብቸኝነት ነው።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«እርስዎ ፈረስ አይደሉማ።»

ጋሪ ከመጎተት ጡረታ የወጣ አንድ ፈረስ እንደምታውቅ ነገረቻቸው። ለሁለት ሳምንት ይሞከር። ካልተስማሙ ግን እሜቴ ሃያ ፈረስ ወዳለበት ወደ ግልቢያ ማሠልጠኛው ትሂድ፤ ብቻዋን ከሆነች ክረምቱን አትወጣውም። «ይስማማሉ» አሉ ጋሽ ፍሬን፣ ሞተር እንደሚያስነሳ ሰው። ግን እሜቴ ከሄደች ከሚስታቸው የቀራቸው ሕይወት ያለው ነገር የለም።

ማክሰኞ ዕለት ጡረተኛው ፈረስ፣ ዳማው፣ መጣ። ቁመቱ ከጋጣው በር ጋር ይተካከላል። «ይሄ ቢያነጥስ እሜቴ ትወድቃለች» አሉ ጋሽ ፍሬንና በካርቶን ላይ ፕሮግራም አወጡ። ያለ ፕሮግራም ነድተው አያውቁም። ሦስት ቀን በአጥር ማዶና ማዶ ይተያዩ። አራተኛው ቀን ጠረን እንዲላመዱ የአንዱ ብርድ ልብስ በሌላው ጀርባ ይጣል። ስድስተኛው ቀን በገመድ ተይዘው ጎን ለጎን ይራመዱ። ስምንተኛው ቀን በሩ ይከፈት። ሁሉም ደቂቃ ሳያዛንፍ ተፈጸመ።

በስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጋሽ ፍሬን የመሃሉን በር ከፈቱ። እንደ ልማዳቸውም ገብስ የሞላ ባልዲ አንጠልጥለው መስኩ መሃል ቆሙ። ስንቱን አስበው ይህችን አላሰቧትም።

ዳማው ወደ ባልዲው አንገቱን ሰገግ ቢያደርግ እሜቴ ጆሮዋን ለጥፋ፣ ዞራ፣ በሁለት የኋላ እግሮቿ ረገጠችው። ዳማው ሸሸ። እሷም ተከትላ እያባረረች አጥሩ ጥግ አስገባችው። እሷን የሚያክሉ ሦስት የሚወጣው ፈረስ ጥጉ ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሽ ፍሬን ስምንት ቀን ሙሉ የሰጉት ለእሜቴ ነበር፤ ጠባቂ የሚያሻው ዳማው ሆኖ አረፈው።

«ያንን ምስኪን ከዚህች ጉድ አስጥለው እንጂ!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ። ባለድምፅዋ እትዬ ናቸው፤ የሚስታቸው ታላቅ እህት፣ የጋሽ ፍሬን ዋርሳ፣ ከመስኩ ማዶ የሚኖሩ።

ጋሽ ፍሬን ለያዩዋቸው። እሜቴ ወዲያው መጥታ ጭንቅላቷን ብብታቸው ስር ወሸቀች፤ በአንድ ዓይኗ ዳማውን እየሰረቀች ታያለች። ያኔ ነገሩ ገባቸው። ጠቡ በገብሱ ብቻ አይደለም፣ በእሳቸውም ነው።

አውቶብስ ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ወንበር ሲጣላ ረዳቱ መሃል በገባ ቁጥር ጠቡ ይብስ ነበር። ጋሽ ፍሬን ግን ሞተር ያጠፋሉ፣ ይወርዳሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ተጣዪዎቹ የሚፈርድላቸው ሲያጡ አንደኛው ፈቀቅ ይላል። ይህ ዘዴ አንድም ቀን አላሳፈራቸውም።

በማግስቱ ባልዲውን ቤት ተዉት። የአጥሩን ጥግ ማንም እንዳይወሸቅበት በግንድ ዘጉት። ድርቆሹን አራርቀው ሦስት ቦታ ከመሩ፤ አንዱን የተነጠቀ ሌላ እንዲያገኝ። ከዚያ ዳማውን ለቀው ወጡና የጋጣው ደፍ ላይ ጀርባቸውን ለመስኩ ሰጥተው ተቀመጡ። ስፖኪዮውን ግን ወደ መስኩ አዙረውታል።

እሜቴ በሩ ላይ መጥታ አሽካካች። አልዞሩም። ደግማ አሽካካች። «አለሁ» ሊሉ የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙት። ያን ቀን እሜቴ ሳር አልቀመሰችም፣ እሳቸውም ምሳቸውን አልነኩም።

ቀጥሎ ባለው ቀን ዳማው ከአንዱ ክምር መብላት ሲጀምር አላስችላት አለ። ሄዳ አባረረችው። እሱም ሳይከፋው ወደ ሁለተኛው አለፈ። ከዚያም አባረረችው። ሦስቱም የእኔ ናቸው ለማለት ደግሞ ከሦስቱም መጉረስ ነበረባት። ጋሽ ፍሬን በስፖኪዮ እያዩ «በዪ፣ እልኸኛ!» ብለው ብቻቸውን ሳቁ። አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ሐኪሟ መጥታ የእሜቴን ጎድን ዳበሰችና «እዚሁ ትቆይ» አለች።

በማግስቱ፣ እሁድ፣ ሁለቱ ፈረሶች ራስና ጭራ ሆነው ቆመው አንዱ ለሌላው ዝንብ ያባርር ነበር። ጋሽ ፍሬን በኩራት ወደ አጥሩ ሄደው «እሜቴ!» ብለው ተጣሩ። እሜቴ አንድ ጆሮዋን አነሳች፣ አየቻቸው፣ ወደ ድርቆሿ ተመለሰች። ባዝራዋ ከሞተች ጀምሮ ተጠርታ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አላቸው፤ ደግሞም ቅር አላቸው፤ ቅሬታው ባይበልጥም ቀላል አልነበረም።

«ዛሬም እሜቴን ለማን ትቼ ልትል ነው?» አሉ እትዬ ከማዶ። እህታቸው ከሞቱ ወዲህ በየእሁዱ ምሳ ይጠሯቸዋል፤ ጋሽ ፍሬንም በየእሁዱ ፈረሶቹን ምክንያት ያደርጋሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። እዚያ ገበታ ላይ አጠገባቸው ባዶ ወንበር ማየት ፈርተው ነው።

ጋሽ ፍሬን ወደ ስፖኪዮው ዞር አሉ። ፈረሶቹ እርስ በርስ ተስማምተዋል፤ እሳቸውን ከኋላ የሚጠብቅ ማንም የለም።

«እትዬ፣ ምሳ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰዓቱ ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ግን አሙቄ አቆይቼዋለሁ። ና።»