ልጄ በኮምፒውተር ያዘነበው ዝናብ

ዛሬ የአንድ ክረምት ዝናብ ቤቴ ውስጥ ዘነበ፤ የረጠበ ሰው ግን የለም።

የሟቹ ልጄ የይበልጣል ባልደረባ ጌትነት ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «እማማ፣ የይበልጣልን ሞዴል ጨረስሁት» አለኝ።

«እኔ የማውቀው ሞዴል ገበሬ ነው» አልሁት። ሳቀብኝ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጀመረው ጥናት ነው። ጎርፍ የሸረሸረው የሰፈራችን ቦረቦር በክረምት ወዴት እንደሚሰፋ በኮምፒውተር ዝናብ እያዘነበ ያሰላል። እኔም «ልታዘንብ ስትል ንገረኝ፣ ልብስ አስጥቻለሁ» እያልሁ አሾፍበት ነበር።

ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነበር። ይበልጣል የተቀበረው ቦረቦሩ በሚጠጋው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው።

ጌትነት ዝናቡን ለቀቀው። ውሃው አጥሩን አልፎ ገባ።

ከላይ በኩል እርከን ጨምሮ እንደገና አዘነበ። አሁን ውሃው ታጥፎ ወደ ወንዙ ሄደ።

«ድገመው» አልሁት።

«ቢደገምም ያው ነው፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። የልጄን ሥራ ልየው ብዬ ነው።»

ነገ ለሰፈሩ ሰው አሳይተን እርከኑን እንጀምራለን። ጌትነትንም አካፋ ይዘህ ና ብየዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ አይቆፍርልንም።

እናንተስ፣ ሳይገባችሁ ያሾፋችሁበት የልጅ ሥራ አለ? ጻፉልኝ። እኔ ዛሬ ጌትነት ሳያዘንብ በፊት ልብሴን ከገመድ ላይ አስገብቻለሁ።